ከመከር በፊት ማመስገን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ ምእመናን፣ በእጃጂ ብዙዎቻችን ጤፉና በቆሎው ጎተራ እስኪገባ ድረስ ምስጋናን እናቆያለን። ኖኅ ግን ከመርከብ እንደ ወጣ፣ ዘር ሳይዘራ መሠዊያ ሠራ፤ እግዚአብሔርም መዝራትና ማጨድ እንደማይቋረጥ ቃል ገባ (ዘፍ. 8፥20-22)። ጸሎተ አኰቴትም ከልመናው በፊት ምስጋናውን ያስቀድማል።

ለኖኅ የተሰጠው የኪዳን ምልክት፣ ሕዝባችን «የማርያም መቀነት» የሚለው ቀስተ ደመና፣ የሚታየው በደመና ላይ ነው፤ ስለዚህ ማመስገን ኀዘንን መካድ አይደለም። ከቀዬው የተፈናቀለ ወንድም እያለቀሰም ሊያመሰግን ይችላል። እኛ ግን «አመስግን» ብለን ብቻ አንለፈው፤ ከእንጀራችን እናካፍለው። የታመነው አምላክ ተስፋውን በእኛ እጅም ይፈጽማልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።