ባሕር ዛፍም ጣውላ ይሆናል

ከጎንደር ወደ አዘዞ በሚወርደው መንገድም ሆነ ከዳባትና ከደባርቅ በሚመጣው መንገድ የተመላለሰ ሰው፣ የባሕር ዛፍ አጠና የጫነ መኪና ሳያጋጥመው የዋለበት ቀን ጥቂት ነው። አጠናው ቀጭን ነው፤ ገና በጥቂት ዓመት ዕድሜው ተቆርጧል። ከፊሉ ለጭቃ ቤት ማገርና ቋሚ ይሆናል፤ ከፊሉ ፎቅ ለሚሠሩ ሰዎች መወጣጫ ይሆናል፤ ለብዙ ዓመታትም በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሲሻገር ኖሯል። የዚሁ አገር አናጢ ግን ለበር፣ ለአልጋ፣ ለቁም ሣጥን የሚሆን ጣውላ ሲያስፈልገው ዓይኑ የሚሄደው ወደ ዋንዛና ወደ ጥድ ነው። ባሕር ዛፍ በደጁ ሞልቶ ሳለ ስለ ምን ዋንዛ ከሩቅ እንደሚያስመጣ ቢጠይቁት፣ «ባሕር ዛፍ ይጣመማል፤ ይሰነጠቃል፤ ጣውላ አይወጣውም» ብሎ ይመልስልዎታል።

መልሱ ውሸት አይደለም። ይጣመማል፤ ይሰነጠቃልም። ነገር ግን በስንት ዓመቱ እንደ ተቆረጠ፣ በምን ዓይነት መጋዝ እንደ ተከፈለ፣ ከተከፈለም በኋላ የት እንደ ተቀመጠ የሚጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፌ አንባቢዬን ከመሰንጠቂያው አጠገብ ላቆምዎትና ነገሩን አብረን ልንመለከተው አሰብሁ።

ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። ጎንደር በዐፄ ፋሲለደስ ከተቆረቆረችበት ከ1628 ዓ.ም. ቢቆጠር ከ250 ዓመት የበለጠ ዘመን ያለ ባሕር ዛፍ ኖራለች ማለት ነው። የነገሥታቱ ግንብ ሲሠራ፣ አድባራቱ ሲታነጹ፣ ወራጁም መቃኑም በሩም የተገኘው ካገር በቀሉ ዛፍ ነበር። የዚያ ዘመን ሳንቃ ደግሞ በመጋዝ የተሰነጠቀ አይምሰልዎት። ግንዱ በሽብልቅ ለሁለት ይፈለጥና እያንዳንዱ ግማሽ በመጥረቢያ እየተጠረበ ይሣሣል። ከአንድ ትልቅ ዛፍ የሚወጣው አንድ ወይም ሁለት ሳንቃ ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ ፍልጥና ፍቅፋቂ ሆኖ ከእሳት ይገባል። ባንዳንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያንን ሰፊ ሳንቃ ሲመለከቱ፣ ከበስተኋላው የጠፋውን እንጨትም ማሰብ ይገባል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዎች ላይና ታች ሆነው የሚስቡት መጋዝ መጣ። ሞተሩ ደግሞ ቆየት ብሎ ገባ፤ ከማን እንደ ተማርነው ለማወቅ የአናጢዎቻችንን ቋንቋ መስማት ይበቃል። የመጋዙን ዱቄት «ሰጋቱራ»፣ አራት ማዕዘን ሆኖ የተሰነጠቀውን ወራጅ «ሞራሌ» ይሉታል። ሁለቱም የጣሊያን ቃላት ናቸው። ጣሊያኑ ከነጦሩ ሲወጣ ቃላቱን ከአናጢው አፍ ይዞ መውጣት አልቻለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የጥንቱ መሰንጠቂያ ባንድ ቦታ ተተክሎ ይቀመጣል፤ ግንዱ ነው ወደ እርሱ የሚሄደው። ወርዱ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ አንድ እርጥብ የባሕር ዛፍ ግንድ ወደ አራት ኩንታል ይመዝናል። ይህንን ከወገራ ገደላ ገደል ውስጥ በሰው ትከሻና በበሬ ስቦ ከመንገድ ማድረስ ምን ያህል እንደሚያደክም ያገሩ ሰው ያውቀዋል። ገበሬው ዛፉን በቀጭንነቱ የሚቆርጠው ገንዘብ ስለ ቸኮለ ብቻ አይደለም፤ አጠና በትከሻ ይወጣል፤ ግንድ ግን አይወጣም።

ተንቀሳቃሹ መሰንጠቂያ ይህን ነገር ይገለብጠዋል። ግንዱ መሬት ላይ በተዘረጋ ሐዲድ መካከል ተኝቶ ይታሰራል፤ መጋዙ ከነሞተሩ በሐዲዱ ላይ እየተገፋ ያልፍበታል። መኪናው በፒክ አፕ ተጎትቶ እስከ ዛፉ አቅራቢያ ይደርሳል፤ ካስፈለገም ተፈታትቶ ሰዎች ይሸከሙታል። ከዚያ ወዲያ ከገደሉ የሚወጣው ግንድ ሳይሆን ጣውላ ነው፤ ጣውላ ደግሞ ሁለት ሰው ተሸክሞት ይሄዳል።

መጋዙ ራሱ እንደ ቀበቶ በሁለት መዘውር ላይ የሚዞር ቀጭን ብረት ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ኒውቤሪ ይህን አሳብ በ1808 በፈረንጆች አቆጣጠር አስመዝግቦ ነበር፤ ነገር ግን ቀበቶው ከተበየደበት ላይ እየተበጠሰ አስቸገረ። ብየዳውን አጥንታ መጋዙን ለሥራ ያበቃችው በ1846 የፓሪሷ አን ፖሊን ክሬፔን ናት። (ሴት ልጅ ከብረት ሥራ ምን አላት ለሚሉ ወንድሞች ይህን ስም ባስታውሳቸው ደስ ይለኛል።) በተጎታች ላይ ተጭኖ ወደ ጫካ የሚሄደውን ዓይነት ካስፋፉት አንዱ በአሜሪካ ኢንዲያና በ1982 የተቋቋመው ውድ ማይዘር የተባለው ኩባንያ ነው።

የመጋዝ ቅጥነት ምን ይጠቅማል? በክፍል ውስጥ ተማሪ ሁሉ ሊሠራው የሚችል ሒሳብ ነው። ውፍረቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ግንድ አለን እንበል፤ ከርሱም ባለ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ጣውላ ማውጣት እንፈልጋለን። ክቡ መጋዝ ባለፈ ቁጥር 6 ሚሊ ሜትር ያህል እንጨት ወደ ሰጋቱራ ቢለውጥ 9 ጣውላ እናገኛለን። እንደ ቀበቶ የሚዞረው መጋዝ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢበላ 11 እናገኛለን። ሁለት ጣውላ ከምን መጣ? ከመሬት ላይ ከሚጠረገው ዱቄት መጣ። ከአምስት ግንድ አሥር ጣውላ ማለት ነው፤ አሥር ጣውላ ደግሞ ለባለ ዛፉ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

ይህ ሁሉ ለማንኛውም እንጨት ነው። ባሕር ዛፍ ግን የራሱ ጠባይ አለው፤ አናጢውን ያስቀየመውም ይህ ጠባይ ነው። ዛፉ ሲያድግ ከቅርፊቱ በታች ያለው የውጭው እንጨት እንደ ተወጠረ ጅማት ይሳባል፤ የመሃሉ ደግሞ በዚያ ኃይል ተጨቁኖ ይኖራል። ዛፉ ቆሞ ሳለ ሁለቱ ተመዛዝነው ስለሚኖሩ ምንም አይታይም። በመጋዝ በተቆረጠ ጊዜ ግን የታሰረው ኃይል ይፈታል፤ የግንዱ ጫፍ እንደ ኮከብ ይሰነጠቃል። ግንዱን ከመሃል ለሁለት ቢከፍሉት ሁለቱ ግማሾች ጀርባ ለጀርባ እንደ ተጣሉ ሰዎች ወደ ውጭ ይለመጣሉ። ቀጭን ግንድ ሲሆን ይህ ነገር ይብሳል፤ ኃይሉ ባጭር ርቀት ውስጥ ስለሚለዋወጥ ነው። በአጠናነቱ ከተቆረጠ ባሕር ዛፍ ጣውላ አውጥቶ «ተጣመመብኝ» ማለት፣ ጥጃ ጠምዶ እርሻ አልሄደልኝም እንደ ማለት ይሆናል።

ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያደርጋል። ዛፉ ደኅና አድርጎ እስኪወፍር ይጠብቀዋል። ከጣለው በኋላ ብዙ ቦታ አይቆራርጠውም፤ በቆረጠበት ሁሉ አዲስ ጫፍ፣ በአዲሱም ጫፍ አዲስ ስንጥቅ ይፈጠራልና። ብዙ ቀንም አያሳድረውም። በመሰንጠቂያው ላይ ሲያወጣው ካንድ ወገን ብቻ እየላጠ አይሄድም፤ ካንዱ ጎን አንድ ልጣጭ ካነሣ ገልብጦ ከተቃራኒው ጎን ያነሣል፤ ቀጥሎ ሁለቱን የቀሩትን ጎኖች እንዲሁ ያደርጋል። ጭነት በአህያ ግራና ቀኝ እንደሚመዘን፣ የሚፈታውም ኃይል ከሁለት ወገን እኩል መፈታት አለበት። የመሃሉ ልብ ያለበት ጣውላ ደካማና ተሰንጣቂ ስለ ሆነ ለበር አይሰጠውም፤ ለሌላ ተራ ሥራ ያውለዋል።

ሐዲዱ በውሃ ልክ መለካት አለበት። በእኛ አገር ሜዳ የሚባለው ቦታ እንኳ ዘንበል ያለ ስለ ሆነ፣ ድንጋይና ሽብልቅ ሳያስገቡ ሥራ የጀመሩ እንደ ሆነ ጣውላው ባንድ ጫፍ ወፍራም በሌላው ቀጭን ይሆናል። ሌላም አለ። በበሬ የተጎተተ ግንድ ቅርፊቱ በአፈርና በጠጠር ይሞላል፤ አፈር የመጋዝ ጥርስን ከእንጨት ይልቅ ያደነዝዛል። የደነዘዘ መጋዝ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ እንደ ማዕበል ከፍና ዝቅ እያለ ይቆርጣል። ቅርፊቱን በምሳር ልጦ ወይም በውሃ አጥቦ መጀመር ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ይህን ግን የሚያደርገው ጥቂት ነው። በዛፉ ውስጥ የቀረ ምስማርም ካለ መጋዙ ያንኑ ቀን ያልቅለታል። ጋቢ አጣፍቶ ወይም ነጠላ ጥሎ ከሚዞር መጋዝ አጠገብ የሚቆም ሰው ደግሞ፣ ልብሱ በተያዘ ጊዜ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ያስብ።

እስካሁን መኪናውን አመሰገንሁት፤ የሚያሰጋኝንም ልናገር። ወደ ማንኛውም ዛፍ መሄድ የሚችል መኪና መሄድ ወደማይገባው ዛፍም ይሄዳል። ትልቁ መሰንጠቂያ ባንድ ቦታ ተተክሎ ሳለ ምን ግንድ እንደሚገባበት ሰው ሁሉ ያያል። ይህኛው ግን ማታ ገብቶ ሲነጋ ሊወጣ ይችላል። በደጋው ከብዙ ቦታ የተረፈው ጥድና ወይራ በቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ ያለው ነው፤ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ቅጥር የጎበኘ ሰው ከጣሪያው መላእክት ሌላ በዙሪያው የቆሙትንም ጥዶች ያስታውሳል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። አዋጁ ከዚያ ወዲህ በሌሎች አዋጆች ተተክቷል፤ የመጨረሻው በ2010 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 1065 ነው። ሕግ መኖሩ ደግ ነው፤ ነገር ግን አናጢው ሌላ ጣውላ ካላገኘ፣ ደንበኛውም ከዋንዛ በቀር አልቀበልም ካለ፣ ሕጉን የሚጠብቀው አንድ ዘበኛ ብቻ ይሆናል። በደንብ የተሰነጠቀ ባሕር ዛፍ በገበያ ላይ ቢገኝ ግን ጥዱን ከዘበኛው ይልቅ ዋጋ ይጠብቀዋል። የመሰንጠቂያው ባለቤት ባሕር ዛፍ ብቻ ልሰንጥቅ ብሎ በራሱ ቢወስን ሥራ አያጣም፤ ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለው የባሕር ዛፍ ተክል ብዙ ነውና።

የቀረው ማድረቁ ነው፤ ብዙ ድካምም ከንቱ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ነጩ ባሕር ዛፍ ቸኩሎ ከደረቀ ውስጡ ይሟሽሻል፤ ላዩ ይሸበሸባል። ጣውላውን ከመሰንጠቂያው አንሥቶ በየካቲትና በመጋቢት ፀሐይና ነፋስ ላይ ማሰጣት ማለት ለማገዶ ማዘጋጀት ነው። ይልቁንም ጥላ ባለበት፣ ነፋስም በቀስታ በሚያልፍበት ቦታ፣ ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ አድርጎ መደርደር ይገባል። በየድርድሩ መካከል ውፍረታቸው እኩል የሆኑ ቀጫጭን እንጨቶች ይገባሉ፤ የላይኛው እንጨት በታችኛው ትክክል ይቀመጣል፤ ከታጠፈ ግን ጣውላውም እንደዚያው ታጥፎ ይቀራል። ውሃ በጫፍ በኩል ፈጥኖ ስለሚወጣ ሁለቱን ጫፍ በአሮጌ ቀለም ወይም በሰም መቀባት ያስፈልጋል። በክምሩ ላይ ቆርቆሮ፣ በቆርቆሮውም ላይ ከባድ ድንጋይ ይጫናል፤ ጣውላው ሊጣመም ቢፈልግ ድንጋዩ አይፈቅድለትም። ባለ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩሉን ከመንፈቅ በፊት አናጢ ባይነካው ይሻላል፤ ዓመት ከቆየ ደግሞ የተሻለ ነው። ገዥ መጥቶ «ዛሬ ስጠኝ» ቢል፣ ከክምሩ ላይ አንዱን መዝኖ ጽፎ ማስቀመጥ፣ በየሁለት ሳምንቱም እንደገና መመዘን ነው። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ድንጋዩ ይነሣል።