ቀድሞ ለማን ይድረስ?

«ለፕሮግራመሮች ቀድሞ የሚሰጣቸው ለምንድን ነው?» አለኝ ወዳጄ። «እኛ ብራችንን ይዘን ስንጠብቅ እነሱ ገበያ ያልወጣ ዕቃ ይነካካሉ።»

«እነሱ ካልነካኩት፣ አዲስ ስልክ በገዛህ ማግስት የባንክህ አፕ አልከፍት ሲልህ ማንን ልትሳደብ ነው?»

«ባንኩን!»

«እኮ! የባንኩ ልጆች ስልኩን ያዩት ካንተ ጋር እኩል ከሆነስ?»

«ኮምፒውተር ላይ ስልኩን አስመስሎ የሚያሳይ ሲሙሌተር አለ ብለኸኝ አልነበር?»

አለ። ሲሙሌተሩ ግን አይበቃም፤ ዓመቱን በፈረንጅ ልንገርህ አልኩት። አፕል አይፓድን በጃንዋሪ 2010 አሳየ፣ ኤፕሪል 3 መሸጥ ጀመረ። እስከዚያ አብዛኞቹ ዲቨሎፐሮች በእጃቸው የነበረው ሲሙሌተር ብቻ ነው። የማውዝ ቀስት ነጥብ በምታህል ቦታ ላይ ያርፋል፤ አውራ ጣት ግን የተነካውንም ቁልፍ አጠገቡ ያለውንም ይሸፍናል። ደግሞ ሲሙሌተር የሚሮጠው በኮምፒውተሩ ጉልበት ስለሆነ፣ እዚያ እንደ ልቡ የፈሰሰ ጌም እጅ ላይ ሲገባ ዕቃውን ያግላል፣ ባትሪ ይጨርሳል፣ ይንቀራፈፋል።

«ይሁን። ግን ለኩባንያው በነፃ እየሠሩለት አይደል?»

«በ2020 አፕል ማክን ከኢንቴል ቺፕ ወደ ራሱ ቺፕ ሲያዞር፣ የአይፓድ ቺፕ የገባበት ማክ ሚኒ ቀድሞ ሰጣቸው።»

«ሰጣቸው?»

«በ500 ዶላር።»

«ሸጠላቸው በላ!»

«አይ፣ ኋላ ይመልሱታል።»

ከት ብሎ ሳቀ። «የመዶሻ ኪራይ ከኪሱ እየከፈለ የሰው ቤት የሚሠራ አናጢ አይተህ ታውቃለህ?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ዕቃው ሲመለስ የ200 ዶላር ማካካሻ ተባለ፤ ሲንጫጩ ጊዜ 500 ሆነ አልኩት።

«በጥሬው?»

«የአፕል ዕቃ መግዣ።»

«ያው መልሶ ወደ ራሱ ኪስ!» አለና ሻዩን ፉት አለ።

ኪራዩን እኔም አልደግፍም። ቢሆንም በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ኤም1 የተባለው የአፕል ቺፕ የገባባቸው ማኮች ሲወጡ ከመጀመሪያው ቀን ለአዲሱ ቺፕ ተዘጋጅተው የጠበቁ ፕሮግራሞች ነበሩ። ዕቃውን ሳያዩት ይህ እንዴት ይሆን ነበር? እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። አፕል ቪዥን ፕሮ የተባለውን ዓይን ላይ የሚጠለቅ ኮምፒውተር ከመሸጡ በፊት፣ በ2023፣ ለዲቨሎፐሮች ቤተ ሙከራ መጀመሪያ የከፈተው በኩፐርቲኖ፣ በለንደን፣ በሙኒክ፣ በሻንጋይ፣ በሲንጋፖርና በቶኪዮ ነው።

«አዲስ አበባስ?»

«አፍሪካ በሙሉ የለችበትም። የግዕዝ ፊደል አዲስ ስክሪን ላይ አናቱ ቢቆረጥ ማን ቀድሞ ያያል? የሚጽፍበት ሰው ነው። ጉግል በ2019 አንድሮይድ 10ን ሳይጨርስ ለሙከራ ሲለቅ ከተፈቀደላቸው ስልኮች አንዱ ቴክኖ ስፓርክ 3 ፕሮ ነበር። እንዲህ ነው እንጂ! ሰው በኪሱ በያዘው ስልክ ይሞከር።»

«ያለችውም ያቺው አንዲት ስልክ ናት። ያላለቀ ሲስተም ጭኖባት ቀጥ ብትልበትስ? እናቱ ጋ በምን ሊደውል ነው?»

«ሁለተኛ ስልክ ይስጡታ!»

«በኪራይ?»

«በነፃ!»

«እስቲ ንገራቸው» አለኝ።