የተሳላሚ ስንቅ

በባሕር ማዶ የምትኖሩ ወገኖቻችን ሆይ፤ ለገና ወይም ለጥምቀት፣ አለዚያም ስእለታችሁ ሠምሮ ባገኛችሁት ወር አዲስ አበባ ስትገቡ፣ ሻንጣችሁ ገና ሳይፈታ ነጠላችሁን መስቀለኛ አጣፍታችሁ፣ ጧፋችሁን ወይም ጃንጥላችሁን ይዛችሁ በቦሌ መድኃኔዓለም ዐጸድ ስትገኙ፣ ጫማችሁን አውልቃችሁ መድረኩን ስትስሙ፣ ናፍቆታችሁም ከአባቶች የተቀበላችሁት ሥርዓትም አብረው እንደሚመሯችሁ ዐውቃለሁ፤ ይህን የምጽፍላችሁም መሳለማችሁ ከቅጽሩ አልፎ ሌላም ደጅ እንዲያንኳኳ ልለምናችሁ ብዬ ነው።

ከመሳለም ጋር ሌላውን መርዳት እንግዳ ነገር አይደለም። በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተጀምሮ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በኢየሩሳሌም ሲቆም፣ እቴጌ ጣይቱም ንግሥት ዘውዲቱም ሌሎች መኳንንትና ወይዛዝርትም በቅድስቲቱ ከተማ ቤት አሠርተዋል፤ በእንዲህ ያለው ቤትም መነኮሳቱና ከሩቅ የሚመጣው ተሳላሚ ሲረዱበት ኖረዋል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚይዘው ግን የወይዘሮ አበበች ጎበና ታሪክ ነው። በሰሜን ሸዋ የተወለዱት፣ አባታቸውንም በጣልያን ወረራ ምክንያት ገና በሕፃንነታቸው ያጡት እኒህ እናት፣ በ1972 ዓ.ም. ግማደ መስቀሉ ያረፈባትን፣ አምባዋም በመስቀል አምሳል የተቀረጸውን ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወደ ወሎ ቢሄዱ፣ ረኃብ የጣለውን ሕዝብ በየመንገዱ ወድቆ አገኙት፤ ከሞተች እናቱ ያልተለየ ሕፃንም ዐዩ። በእጃቸው የነበረው ጥቂት ዳቦና ጸበል ነበርና እርሱን ለተራቡት አካፈሉ፤ ሲመለሱም ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። በዓመቱ በቤታቸው የተሰበሰቡት ዕጓለ ማውታ 21 ደረሱ። ቤተ ሰቡ ነገሩን አልወደደውም፤ ትዳራቸውም ኑሯቸውም ሲናጋ እርሳቸው ልጆቹን መረጡ። በ2013 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት የተለዩት እኒህ እናት የመሠረቱት፣ በስማቸው የሚጠራው የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር ከዚያች ጕዞ የተወለደ ነው። በረከት ፍለጋ ሄደው ሸክም ይዘው ተመለሱ የሚል ሰው ቢኖር፣ እኔ በበኩሌ በዚያ መንገድ ላይ በረከቱን ከሸክሙ ልለየው አልቻልሁም።

እናንተም ከቦሌ መድኃኔዓለም ተነሥታችሁ በመገናኛና በሲ ኤም ሲ በኩል ወደ አያት ብትዘልቁ፣ አቶ ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. የመሠረቱትን መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ታገኛላችሁ፤ «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለውን መርሑን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ገንዘብም ትልካላችሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ነገር ግን በጎዳና ወድቀው የነበሩ አረጋዊ ጥፍር ለመቁረጥ አስቀድሞ እግራቸውን በሞቀ ውኃ መዘፍዘፍ፣ የደነደነውንም ሥጋ እንዳይነካ ቀስ እያሉ መከርከም፣ በመካከሉም ስለ ትውልድ ቀያቸው የሚያወጉትን ሳይቸኩሉ መስማት ያስፈልጋልና፣ ይህን በባንክ ልታደርሱት አትችሉም። አማርኛው የሚከብደው ልጃችሁም ቢሆን ጎድጓዳውን ሳሕን ይዞ ለመንበርከክ ቋንቋ አያግደውም፤ እናቱ ወይም አባቱ ከጐኑ ሆነው የሚያስተረጕሙለትን ታሪክ ግን የትም አያገኘውም።

ለእንዲህ ያለው አገልግሎት ሥርዓት አለው። ማንም የማይለብሰውን ካፖርትና ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበውን መድኃኒት ሻንጣ ሙሉ ከመሸከም በፊት ደውሎ የጐደለውን መጠየቅ ይገባል፤ ምናልባት የሚፈለገው የአዋቂ ዳይፐርና ሳሙና ይሆናል። ከእናንተ መካከል ሐኪምና ነርስ የሆናችሁ፣ በዚያ ያሉትን ባለሙያዎች ሳታማክሩ መድኃኒት አትለውጡ፤ እናንተ በሳምንታችሁ ስትሄዱ ሕመምተኛውን የሚያስታምሙት እነርሱ ናቸውና። ስልካችሁንም ከኪሳችሁ አታውጡ፤ የታመመ ሰው ፊት ለዘመድ ማሳያ አይደለም።

በዋሽንግተን፣ በቶሮንቶ፣ በስቶክሆልም በመድኃኔዓለም ስም የጽዋ ማኅበር የምትጠጡ ወገኖች ደግሞ ለዚህ የሚሆን ሥርዓት በእጃችሁ አለ። በ27 ቀን፣ ሥራም ቢያግዳችሁ በሚቀርበው እሑድ፣ ዳቦው ተቈርሶ ጽዋው ወደ ተረኛው ቤት ሲዛወር፣ በዓመቱ ወደ አገር የሚገባውም አባል እንዲሁ ይታወቅ፤ ከተመለሰም በኋላ ማንን እንዳገለገለ፣ ምን እንደ ጐደለ ለማኅበሩ ይንገር፤ ቀጥሎ የሚሄደውም እኒያኑ አረጋዊ በስማቸው ጠርቶ ይጠይቃቸው። ስቅለቱ የሚታሰብበት መጋቢት 27 በዐቢይ ጾም ስለሚውል ክብረ በዓሉ ጥቅምት 27 ይነግሣልና፣ ለዚያ ቀን ቲኬት የሚቈርጡት ከወዲሁ ቢለዩ የመርጃ ማዕከሉን ጠይቆ ለመዘጋጀት ጊዜ ይኖራቸዋል።