ፊት የሌላቸው ቻናሎችና የላስ ቬጋስ ሒሳብ

በላስ ቬጋስ ሃሪ ሪድ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ የሚጠብቅ የታክሲ አሽከርካሪ ስልክ ከእጁ አይለይም። ቀድሞ የአገር ቤት ዜና ይሰማበት የነበረው ስልክ ዛሬ ለአንዳንዱ ሁለተኛ የሥራ ቦታ ሆኗል። ፊትን ሳያሳዩ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የጻፈውን በማሽን ድምፅ እያስነበቡ፣ አጫጭር ቪዲዮዎችን በየቀኑ በመልቀቅ ከማስታወቂያ ጥሩ ገቢ ማግኘት ይቻላል የሚል ተስፋ በወገኖቻችን መካከል ይነገራል። ይህንኑ ተስፋ በሥልጠና መልክ የሚሸጡም አልጠፉም።

ክላርክ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2023 ከስትሪፑ በስተምዕራብ የሚገኝ አንድ አካባቢን «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ በይፋ ሰይሟል። ይህ ስያሜ የተገኘው በታክሲ መሪ፣ በካሲኖ ጠረጴዛና በሆቴል ኩሽና ላቡን ባፈሰሰ ትውልድ ነው። በሌሊት ፈረቃ የደከመ ሰው ቀለል ያለ ገቢ ቢሻ የሚወቀስበት ምክንያት የለም። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግን ይህ ነው፦ ፊት የሌለው ቻናል መክፈት ነውር የለበትም፤ ባለቤት የሌለው ቻናል መክፈት ግን ገንዘብም አያስገኝም፣ ስምም ያሳጣል።

በመጀመሪያ ሒሳቡን እንመልከት። የዩቲዩብ አጫጭር ቪዲዮዎች፣ ማለትም ሾርትስ፣ የማስታወቂያ ገቢ መካፈል የጀመሩት እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2023 አንስቶ ነው። ለመካፈል 1,000 ተከታዮች፣ በዚያ ላይ በ90 ቀናት ውስጥ 10 ሚሊዮን የሾርትስ ዕይታ ወይም በረጃጅም ቪዲዮዎች በ12 ወራት ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት ያስፈልጋል። በሾርትስ መንገድ ብቻ ለሚሄድ ሰው ይህ ለሦስት ወራት በየቀኑ በአማካይ ከ111,000 በላይ ዕይታ ማለት ነው። በቪዲዮዎቹ መካከል የሚታዩ ማስታወቂያዎች ገቢ ወደ አንድ ቋት ይገባል። ቪዲዮው ሙዚቃ ከተጠቀመ ከፊሉ ለሙዚቃው ባለመብቶች ይቀነሳል፤ የቀረው በየአገሩ በተገኘው ዕይታ መጠን ለቻናሎች ይደለደላል። ለአንድ ቻናል ከተደለደለው ላይ ባለቤቱ የሚወስደው 45 በመቶውን ነው። በረጃጅም ቪዲዮዎች የባለቤቱ ድርሻ 55 በመቶ ነው።

ቻናል ያላቸው ሰዎች ደጋግመው እንደሚናገሩት የአንድ ሺህ የሾርትስ ዕይታ ገቢ በጥቂት ሳንቲሞች የሚቆጠር ነው። ለምሳሌ ያህል 5 ሳንቲም ብንወስድ 10 ሚሊዮን ዕይታ 500 ዶላር ያስገኛል። በኔቫዳ ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ 12 ዶላር ስለሆነ ይህ ከ42 የሥራ ሰዓት ክፍያ ያነሰ ነው። ለመግቢያ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው 10 ሚሊዮን ደግሞ ጭራሽ አይከፈልበትም። ተመልካቹ አስተዋዋቂዎች ብዙ ገንዘብ በማያፈሱበት አገር የሚኖር ከሆነ፣ የአማርኛ ቻናሎች ዕጣ ብዙ ጊዜ ይህ ነውና፣ የሚደርሰው ድርሻ ከዚህም ይቀጥናል። ግብሩም አለ። ኔቫዳ የስቴት ገቢ ግብር ባይኖራትም፣ ከእንዲህ ያለ የግል ሥራ የሚገኝ የተጣራ ገቢ በዓመት 400 ዶላር ከደረሰ ለፌዴራል መንግሥት ማስታወቅ ግዴታ ነው፤ የግል ሥራ ግብሩ መጣኔ 15.3 በመቶ ነው። ሥልጠና ሻጩ ስለዚህ ሁሉ አይናገርም፤ እርሱ የሚሸጠው «ላም አለኝ በሰማይ» የሚለውን ነውና።

ታዲያ ሒሳቡ ይህን ያህል ቀጭን ከሆነ ሰው ለምን አይተወውም? መልሱን ከላስ ቬጋስ አብልጦ የሚያውቅ ከተማ የለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ቢ. ኤፍ. ስኪነርና ባልደረባቸው ቻርልስ ፈርስተር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ምግቡ በስንተኛው ሙከራ እንደሚመጣ መገመት ያልቻለች እርግብ ሳትታክት ቁልፉን በምንቃሯ ትመታለች። የቁማር ማሽን የሚሠራው በዚሁ መርህ ነው። የአንትሮፖሎጂ ምሁሯ ናታሻ ዳው ሹል እ.ኤ.አ. በ2012 ስለ ላስ ቬጋስ የቁማር ማሽኖች ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ብዙ ተጫዋቾች ማሽኑ ፊት የሚቀመጡት ለማሸነፍ ሳይሆን ጨዋታው እንዳይቋረጥባቸው መሆኑን አሳይተዋል።

የአጭር ቪዲዮ ሠሪውም ነገር ከዚህ አይርቅም። ሃያ ቪዲዮዎች ሦስት መቶ ዕይታ ሳይሞሉ ይቀራሉ፤ ሃያ አንደኛው ባልታወቀ ምክንያት ሁለት መቶ ሺህ ይደርሳል። በዚያ ሌሊት እንቅልፍ የለም። በማግስቱ ቁጥሩ ሲወርድ ደግሞ ሌላ አሥር ይለቀቃል። የሚታየው ቁጥር ራሱ ያሳስታል፦ እ.ኤ.አ. ከማርች 31 ቀን 2025 ወዲህ ቪዲዮው መጫወት በጀመረ ቁጥር እንደ አንድ ዕይታ ይቆጠራል፤ ክፍያው የሚታሰበው ግን ተመልካቹ ቆይቶ ባየው ልክ፣ በሌላ ቆጠራ ነው።

የኔቫዳ ደንብ አንድ የቁማር ማሽን ከተወራረደበት ገንዘብ በረጅም ጊዜ ስሌት ቢያንስ 75 በመቶውን እንዲመልስ ሆኖ መሠራት እንዳለበት ያዛል፤ እ.ኤ.አ. በ1955 የተቋቋመው የስቴቱ የቁማር ቁጥጥር ቦርድም ማሽኖቹን ይመረምራል። የቪዲዮ ሠሪው የሚያስይዘው ገንዘብ ሳይሆን ጊዜውን ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይቻልም። ቢሆንም አንድ እውነት ይቀራል፦ ቪዲዮአችንን ለማን እንደሚያሳይ የሚወስነውን ስልተ ቀመር ውስጡን ከፍቶ የሚፈትሽልን እንዲህ ያለ ቦርድ የለም። ስለዚህ ገደቡን ማበጀት ያለበት ባለ ስልኩ ራሱ ነው።

ይህ ሲባል ፊትን መሰወር ጥፋት ነው ማለት አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ፣ በየቤቱ ጆሮውን ጥሎ ለሚያዳምጠው ሕዝብ የደረሰው ፊቱ ሳይሆን ድምፁ ነበር። ያ ድምፅ ግን ባለቤት ነበረው፤ ቃሉን የሚመዝን፣ ለተናገረውም የሚጠየቅ ባለቤት። ዛሬ በጅምላ የሚመረቱት ቪዲዮዎች ያጡት ይህንን ነው። ዩቲዩብም እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 ደንቡን ሲያብራራ፣ በአንድ ቅርጽ በብዛት የሚመረቱና የሚደጋገሙ ቪዲዮዎች የማስታወቂያ ገቢ እንደማይገባቸው አስታውቋል። ከሌሎች ፊልምና ቪዲዮ ሳይለወጥ የተቆረጠ፣ እንዲሁም በሐሰት የተገዛ ዕይታም ለክፍያ አይታሰብም።

ከገንዘቡ የሚከብድም ጉዳይ አለ። ከላስ ቬጋስ የሚለቀቅ የአማርኛ ቪዲዮ በደቂቃዎች ውስጥ ጎንደርም ደሴም ይደርሳል። እዚያ ያለች እናት በማሽን ድምፅ የተነበበ የጦርነት ወሬ ስትሰማ ምንጩን የምታጣራበት መንገድ የላትም፤ የምታውቀው ልጇ ያለበትን ከተማ ስም መሰማቱን ብቻ ነው። ዕይታን ለማብዛት የተጋነነ አንድ ርዕስ የእርሷን እንቅልፍ ይወስዳል። ለጥቂት ሳንቲም ሲባል የሚከፈል ዋጋ ይህ ከሆነ፣ ከፋዩ ቻናሉን የከፈተው ሰው አይደለም።

እንግዲህ መንገዱ የቱ ነው? ማንም ማሽን የማያውቀውን የምናውቀውን መናገር ነው። ለካሲኖ ሥራ አዲስ የሚያመለክት ወገን ምን ምን ወረቀት ይዞ ይቅረብ? እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የፌዴራል ሕግ ለጉርሻ ገቢ የፈቀደው የግብር ቅናሽ ለማን ይሠራል? ሌሊት ለሚነዳ ሰው ጤናው እንዴት ይጠበቃል? እነዚህን ያየና የሠራ ሰው ፊቱን ሳያሳይ በገዛ ድምፁ ቢያስረዳ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ጥያቄውን በግልጽ ቢያስቀምጥ፣ አጭሩን ቪዲዮ ለረጅሙ ማብራሪያ በር ቢያደርገው፣ ተመልካቹ ጣቱን ወደ ላይ ከመግፋት ይቆጠባል። ዕድገቱ አዝጋሚ ነው። ነገር ግን የተገኘው ተመልካች የሚመለስ ተመልካች ነው። ለዚህም በሳምንት የተወሰነ ሰዓት መድቦ፣ ከስድስት ወር በኋላ የገባውን ገንዘብ ለጠፋው ሰዓት ማካፈልና ውጤቱን ከደመወዝ ጋር ማስተያየት ተገቢ ነው።

በላስ ቬጋስ የቁማር ጠረጴዛ ላይ ካርታ የሚያድሉ ወገኖቻችን በረጅሙ ሒሳብ ሁልጊዜ የሚያተርፈው ቤቱ መሆኑን በየቀኑ ያያሉ። በቪዲዮውም ዓለም ቤቱ ድርሻውን አያጣም። ለሠሪው የሚተርፈው ግን ከቻናሉ ጀርባ የቆመው ስሙ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ? ፊታችንን ብንሰውር እንኳ ስማችንን ለማሽን አሳልፈን አንስጥ።