የሃያ አራት ሰዓት ሱፍ

ባንኮክ ውስጥ ናና የሚባለው ሰፈር ለብዙ ኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ለሕክምና የሄደ ሰው ያውቀዋል። ሆስፒታሉ ቅርብ ነው፤ የዓረብና የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ፤ በመካከላቸው ደግሞ የልብስ ስፌት ሱቆች ተደርድረዋል። በሱኩምቪት ጎዳና የእግረኛ መንገድ ላይ ሲያልፉ በር ላይ የቆመ ሰው እጁን ዘርግቶ ይጠራዎታል። የሚለው ነገር ከሱቅ ሱቅ ብዙ አይለያይም፦ ሙሉ ልብስ ከነሸሚዙ፣ ከነከረባቱ፣ በልክዎ ተሰፍቶ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ሆቴልዎ ድረስ ይመጣል።

ታላቅ ወንድሜን ለማሳከም በሄድኩ ጊዜ ከእነዚህ ሱቆች ወደ አንዱ ገባሁ። ከአዲስ አበባ ስነሳ የመከረኝ ሰው ሁሉ ቃሉ አንድ ነበር፦ «እዚያ ድረስ ሄደህ ልብስ ሳታሰፋ እንዳትመለስ»። ይህ ምክር ዛሬ እንደ ትልቅ ዕውቀት ይቆጠራል። ነጋዴው ለነጋዴው፣ ተማሪው ለተማሪው፣ አስታማሚው ለአስታማሚው ያስተላልፈዋል። እኔ ግን ምክሩ ስሕተት ነው እላለሁ። ይህን የምለው አንድ ሱቅ ስለበደለኝ አይደለም፤ ሱቁ የታመነ ቢሆንም ምክሩ ስሕተት ነው። ልብስን በልክ የሚያደርገው ወደ ሰፊው መመላለስ ነው። መንገደኛ ደግሞ አይመላለስም።

ልክ መውሰድና በልክ መስፋት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሜትር የሚነግረን ርዝመትና ዙሪያ ብቻ ነው። የአንዱ ትከሻ ከሌላው ዝቅ ማለቱን፣ ጀርባ በዓመታት የጠረጴዛ ሥራ መጉበጡን፣ ሰውየው ሲቆም ክብደቱን በየትኛው እግሩ ላይ እንደሚጥል ሜትር አይጽፍም። ይህን የሚያየው የሰፊው ዓይን ነው፤ ዓይኑም የሚያየው ልብሱ ገላ ላይ ሲውል ነው። ነባር ሰፊዎቻችን ፕሮቫ የሚሉት ለዚህ ነው። ጨርቁ ተቆርጦ በነጭ ክር ላላ ተደርጎ ይወሰወሳል። ደንበኛው መጥቶ ይለብሰዋል። ሰፊው ስፒል በከንፈሩ ይዞ ዙሪያውን ይዞራል፣ በጠመኔ ያሰምራል፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ያያል። ከዚያ እጅጌው ይነቀላል፣ ትከሻው ይፈታል፣ ሥራው እንደገና ይጀመራል። ሌላ ቀን ደግሞ ሁለተኛው ፕሮቫ አለ። በለንደን የሳቪል ሮው ሰፊዎች ማኅበር አንድ ሙሉ ልብስ ቢያንስ 50 ሰዓት የእጅ ሥራ ሊያርፍበት ይገባል ይላል፤ ከመጀመሪያው ልክ እስከ ርክክቡም ሳምንታት ያልፋሉ። አንድ ቀን 24 ሰዓት ነው። ሱሪውን አንዱ፣ ኮቱን ሌላው፣ ሸሚዙን ሦስተኛው ይዞ ሥራው ቢከፋፈል እንኳ የሚከፋፈለው ስፌቱ ነው። ፕሮቫን ማከፋፈል አይቻልም፤ ሰውነቱ የአንድ ሰው ነውና።

ኮት ደግሞ ከውጭ የሚታየው ጨርቅ ብቻ አይደለም። ደረቱ ላይ፣ በጨርቁና በገበሩ መካከል፣ ቅርጽ የሚሰጠው ሌላ ጨርቅ አለ። በጥሩ ሥራ ይህ የፈረስ ፀጉር የገባበት ሸራ ነው፤ በእጅ ስፌት ላላ ተደርጎ ስለሚያያዝ በጊዜ ብዛት የባለቤቱን ደረት እየለመደ ይሄዳል። በጥድፊያ ሥራ ግን ሙጫ ያለበት ጨርቅ በካውያ ሙቀት ይለጠፋል፤ ደቂቃዎች ይበቁታል። ፋብሪካም ይህንኑ ያደርጋል፣ ነገር ግን ፋብሪካው ለእርስዎ ብዬ ሰፋሁት አይልም። መስታወት ፊት ሲቆሙ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። ልዩነቱ የሚታየው ከጥቂት እጥበት በኋላ ነው፦ ሙጫው ይለቅና ደረቱ ላይ አረፋ የመሰለ እብጠት ይወጣል።

የእኔ ኮት ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ሁለት ጊዜ ላውንደሪ ገብቶ ሲወጣ ደረቱ አበጠ። ትከሻው ቀድሞውንም አልተቀመጠልኝም ነበር። ፒያሳ ያለ፣ ለአባቴም ይሰፋ የነበረ ሰፊ ዘንድ ወሰድኩት። ገበሩን በጥንቃቄ ፈትቶ ውስጡን አሳየኝ።

«ወንድሜ፣ ትከሻውን ላስተካክልልህ ብል የምለቀው ትርፍ ጨርቅ የለም። እስከ ጠርዙ ቆርጠውታል» አለኝ።

«ደረቱስ?»

«እሱን ተወው። የተለጠፈ ነገር አይፈታም።»

ባንኮክ ያለው ሱቅ ይህን አልሰማም፣ አይሰማምም። የማይመለስ ደንበኛ ቅሬታ የለውም። ትርፍ ጨርቅ መተው የሚያስፈልገው ለሚመለስ ሰው ነው፤ ወፍሮ ወይም ከስቶ ከሁለት ዓመት በኋላ በሩን ለሚያንኳኳ። የፒያሳው ሰፊ በየስፌቱ ውስጥ ጨርቅ የሚተወው ነገም እንደሚያየኝ ስለሚያውቅ ነው።

ለመሆኑ ሃያ አራት ሰዓት የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? የቻይና ኮሙኒስቶች እ.ኤ.አ. በ1949 ሥልጣን ሲይዙ ብዙ የሻንጋይ ልብስ ሰፊዎች ተሰደው ሆንግ ኮንግ ገቡ። የረጅም ዓመት ልምምድ ያላቸው፣ እጃቸው የተመሰከረለት ሰዎች ነበሩ። ከሕንድ የመጡ ነጋዴዎችና ሰፊዎችም ለእንግሊዝ ወታደሮች እየሰፉ እዚያው ይኖሩ ነበር። ከዚያ የኮሪያ ጦርነት መጣ፣ ቀጥሎ የቬትናም። የአሜሪካ ወታደሮችና መርከበኞች ለጥቂት ቀን ፈቃድ ሆንግ ኮንግና ባንኮክ መጉረፍ ጀመሩ። ወታደሩ ደመወዝ ይዟል፣ ሲቪል ልብስ ይፈልጋል፣ መርከቡ ግን ከነገ ወዲያ ይነሳል። የችኮላው ሱፍ ገበያ ያገኘው ያኔ ነው። እንግዲህ ዛሬ እንደ እስያ ጥበብ የምናደንቀው ፍጥነት የወታደር ፈቃድ ርዝመት ነው። በቬትናም ሆይ አንም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። ከ15ኛው እስከ 19ኛው መቶ ዘመን የንግድ ወደብ የነበረችው ይህች ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበች፤ ቱሪስት ጎረፈባት፣ የልብስ ሰፊ ሱቆቿም በመቶዎች ተቆጠሩ። ቱሪስቱ ሁለት ሌሊት ያድራል፤ ልብሱም በሁለት ሌሊት እንዲደርስ ይጠበቃል።

ስለ ጨርቁ ብዙ አልልም። ሱፍ ነው ያሏችሁን ጨርቅ ክር መዝዛችሁ ክብሪት ጫሩበት። የእውነት ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈርሳል። ፖሊስተር ከሆነ ይቀልጥና ጠንካራ ጠብታ ሆኖ ይቀራል። ባንኮክ ውስጥ በነፃ ወይም በትንሽ ዋጋ ከተማዋን ላሳይህ የሚል የቱክ ቱክ ሾፌር ልብስ ሰፊ ቤት በር ላይ ቢያቆማችሁ ደግሞ ኮሚሽን እንደሚቀበል ዕወቁ። ያ ኮሚሽን ከሰማይ አይወርድም፤ ከጨርቁ ወይም ከሰፊው ድካም ላይ ይቀነሳል።

ሰፊው ማን ነው ታዲያ? አንገቱ ላይ ሜትር አንጠልጥሎ የሚያነጋግረን ሰው ብዙ ጊዜ ሻጭ ነው። ልብሱ የሚሰፋው ሌላ ቦታ ነው፤ በጀርባ መንገድ ባለ ክፍል ወይም በሠራተኛዋ መኖሪያ ቤት፣ በተሰፋ ቁጥር እየተከፈለ። ታይላንድ ቤታቸው ሆነው ለአሠሪ የሚሠሩ ሰዎችን የሚጠብቅ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2010 አውጥታለች። ሕጉ ያስፈለገው እነዚህ ሠራተኞች በክፍያም በደኅንነትም ሳይታዩ ስለኖሩ ነው። ደንበኛው ማታ አንድ ሰዓት ላይ ልክ ሰጥቶ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ልሞክረው ሲል፣ በመካከል ያለው ሌሊት የአንድ ሰው እንቅልፍ ነው።

«ለእነሱም እንጀራ ነው» የሚል መልስ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። እንጀራ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ያው ሱፍ በአሥር ቀን ቢሰፋ ለሠራተኛዋ የሚቀርባት ነገር የለም፤ እንዲያውም ሌሊቷ ይተርፋታል። ፍጥነቱ የሚጠቅመው ነገ ለሚበር ሰው መሸጥ ለሚፈልገው ሱቅ ነው። ርካሽ ነው የሚለውም ክርክር አያስኬድም። ሁለት ጊዜ ተለብሶ ቁም ሣጥን ውስጥ የተሰቀለ ሱፍ፣ ስንት ተከፍሎበትም ቢሆን፣ ውድ ነው። ይህ ምክር የሰፈራችንን ሰፊ ምን እንዳሳጣውም አስቡ። ትከሻችንን የሚያውቅ፣ ብንበሳጭበት ፊት ለፊት የምንወቅሰው ሰው፣ ዛሬ ሱሪ እያሳጠረና ዚፕ እየቀየረ ይውላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሽሮ ሜዳ ነው። ባንኮክ ላይ ያማረርኩበትን ነገር እኛው በገዛ አገራችን ሸማኔ ላይ እናደርገዋለንና። ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ፣ ከዱባይ ለሁለት ሳምንት የሚመጣ ወገናችን ለሽሮ ሜዳ መንገደኛ ነው። እሱም እንደ ወታደሩ የመመለሻ ቀኑን ይዞ ነው የሚገባው።

ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ ለሠርግ ከሜሪላንድ መጥታ ከእንጦጦ ግርጌ ወዳለው ገበያ አብሬያት ሄድኩ። በስልኳ የያዘችውን የቀሚስ ፎቶ ለአንድ ሸማኔ አሳየች። ሰውየው ከጋሞ ደጋ የመጣ ነው፤ ሽመናን ከአባቱ ተምሯል።

«እህቴ፣ ይኼ ጥበብ እኮ በእጅ ነው የሚገባው። ድሩን ገና ዛሬ ላደራው ነው። ጥለቱ ብቻ ሳምንት ይፈልጋል» አላት።

«ጋሼ፣ በረራዬ ማክሰኞ ነው» አለችው።

ሸማኔው ዝም አለ። እሷ ዋጋውን እጥፍ አደረገችው። ቀሚሱ ሰኞ ማታ ደረሰ። ማን እንደሠራው አልጠየቅንም። ሜሪላንድ ሄዶ መጀመሪያ ሲታጠብ የጥበቡ ቀለም ነጩ ላይ ለቀቀ፤ እሷም «የሽሮ ሜዳ ሰዎች አታለሉኝ» ብላ ደወለችልኝ።

አላታለላትም። ሳምንት ይፈልጋል ብሎ ፊት ለፊት ነግሯታል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይህን ይረዳል። ፈትሉ ይፈተላል፣ ድሩ ይደራል፣ ማጉ ይጠነጠናል፤ ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ መወርወሪያውን ግራ ቀኝ ይልካል፤ ጥበቡን ደግሞ በየመሃሉ እየቆመ ክሩን በጣቱ እየቆጠረ ያስገባል። ይህን ሥራ ማጣደፍ የሚቻልባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው። በእጅ በተፈተለው ፈንታ የፋብሪካ ክር ይገባል፤ ቀለሙ ሳይፈተን ይሸመናል፤ ወይም በሸማው ቦታ በማሽን የታተመ ጨርቅ ይቀርባል። አለዚያ ደግሞ ተጨማሪ እጅ ይፈለጋል። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር በሕፃናትና በግዳጅ ጉልበት ይመረታሉ ብሎ በሚዘረዝራቸው ዕቃዎች ውስጥ የኢትዮጵያ የእጅ ሽመና ውጤት አለበት። ከጋሞ አካባቢ ትምህርት ቤት እናስገባቸዋለን ተብለው መጥተው ሸማኔ ቤት የቀሩ ልጆች ታሪክ ለአዲስ አበባ ሰው አዲስ ወሬ አይደለም። የዚያ ሸማኔ ቤት እንዲህ ነው አልልም፤ አላየሁምና። ነገር ግን በአምስት ቀን አድርስልኝ ብሎ ዋጋ እጥፍ የሚከፍል ሰው፣ የማን እጅ እንደሚጨመር ሳይጠይቅ መክፈል የለበትም። እኛ ሳንጠይቅ ከፍለናል።

ውጭ አገር ልብስ ማሰፋት ፈጽሞ አይቻልም እያልኩ አይደለም። ለሕክምና ሦስት ሳምንት የሚቆይ ሰው በመጀመሪያው ቀን ልክ ሰጥቶ፣ በየሳምንቱ ፕሮቫ አድርጎ፣ ትርፍ ጨርቅ በስፌቱ ውስጥ እንዲተውለት ተስማምቶ ቢያሰፋ ጥሩ ልብስ ሊያገኝ ይችላል። ከሆንግ ኮንግ የታወቁ ሰፊዎች ራሳቸው ሻንጣቸውን ይዘው ደንበኞቻቸው ወደሚኖሩበት ከተማ የሚመላለሱት፣ ፕሮቫ የሌለበት ሱፍ ለስማቸው እንደማይመጥን ስለሚያውቁ ነው። ሦስት ቀን ብቻ ያለው ሰው ግን ጨርቁን ይግዛ፤ ስፌቱን ለሰፈሩ ሰው ይስጥ። ጥሩ ሱፍ ጨርቅ ተጣጥፎ በሻንጣ ይመጣል፣ ክብሪቱንም እዚያው ሱቅ ውስጥ መጫር ይቻላል።

ለጥር ሠርግ የሐበሻ ልብስ የምታስቡ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ አውሮፕላን እስክትሳፈሩ አትጠብቁ። ልካችሁንና ቀብዱን በጥቅምት ላኩ። ማን እንደሚሸምነው ጠይቁ፤ ስንት ቀን እንደሚፈልግም ራሱ ይንገራችሁ፣ የነገራችሁንም ቀን ስጡት።