አሥር ጊዜ የተሸነፈው ልጅ ስንት ያወጣል?

ዲትሮይት በምትባለው የአሜሪካ ከተማ ከ1987 ጀምሮ እስከ ዛሬ ያልተቋጨ ክርክር አለ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ክርክሩ ስለ ቤዝቦል ነው። ጨዋታውን የማናውቅ ብንበዛም፣ ነገሩ ለእኛ ለሠልጣኞችም ሆነ ለመምህራኖቻችን ባዕድ አይመስለኝም። ምክንያቱም የክርክሩ ሥር አንድ ጥያቄ ነው፤ ገና ያልበሰለን ወጣት ዋጋው ይህን ያህል ነው ብሎ የሚተምነው ማነው? በምንስ ይተምነዋል?

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከጨዋታው ልጀምር። በቤዝቦል አንዱ ቡድን ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል። የጨዋታው ዕድል ከማንም ይልቅ በወርዋሪው ክንድ ላይ ያረፈ ነው። ክንድ ደግሞ ሥጋ ነውና ይደክማል፤ ዛሬ ረጅም ሰዓት የወረወረ ሰው ጥቂት ቀናት ሳያርፍ አይመለስም። በዚህም የተነሣ ቡድኖች አራት አምስት ወርዋሪ በተራ ያሰልፋሉ። የውድድሩ ዘመን 162 ጨዋታ ስለሆነ ከነዚህ አንዱ ደካማ ከሆነ ጉዳቱ በየሳምንቱ ይመላለሳል፤ አንድ ጎበዝ ከተጨመረ ደግሞ ቡድኑ ሌላ ቡድን ይመስላል።

ክለቦቹ ተጫዋችን በተጫዋች ይለዋወጣሉ። ገንዘብ መጨመር የግድ አይደለም፤ ውሉ ወደ ሌላው ክለብ ይዛወራል፣ ልጁም ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ትልልቆቹ ክለቦች ከሥራቸው ወጣቶች የሚሠለጥኑባቸው ታናናሽ ቡድኖች አሏቸው። ዋንጫ የሸተተው ክለብ ከነዚህ ወጣቶች አንዱን ይሰጥና የተፈተነ ወርዋሪ ይቀበላል። ደጋፊው ለሁለት የሚከፈለው ይኼኔ ነው።

የዲትሮይቱ ክለብ ታይገርስ ነሐሴ ወር 1987 ላይ ከካናዳው የቶሮንቶ ክለብ ጋር አንገት ለአንገት ተናንቆ ነበር። ወርዋሪ ቸገረው። አትላንታ ዘንድ ዶይል አሌክሳንደር የሚባል የ36 ዓመት ሰው ነበር፤ ከ1971 ጀምሮ በዋናው ሊግ የወረወረ፣ ብዙ ክለብ የዞረ፣ ፍጥነቱ ያለቀ ነገር ግን ብልሃቱ የቀረ። አትላንታዎች በምትኩ የወሰዱት ጆን ስሞልትዝ የሚባል የ20 ዓመት ልጅ ነው። ልጁ የዚያው የሚሺጋን ክፍለ ሀገር ተወላጅ ሲሆን፣ በ1985 የወጣቶች ምርጫ ዲትሮይት የወሰደው በ22ኛው ዙር ነበር። ሃያ አንድ ዙር ሙሉ ሌሎች ሲጠሩ ቆይቶ ማለት ነው። በዚያ በ1987 ግሌንስ ፎልስ በሚገኘው ታናሽ ቡድን ውስጥ 4 አሸንፎ 10 ተሸንፎ ነበር፤ በየዘጠኙ የጨዋታ ዙር በአማካይ 5.68 ነጥብ ያስገቡበታል። መዝገቡን ብቻ ላየ ሰው፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የሚያስቆጭ ልጅ አልነበረም።

ነሐሴ 12 ቀን ልውውጡ ተፈጸመ። ታዲያ ምን ሆነ? አሌክሳንደር 11 ጊዜ ተሰልፎ 9 አሸነፈ፤ አንድም አልተሸነፈ። ያስገቡበት በየዘጠኙ ዙር 1.53 ነጥብ ብቻ ነው። ዲትሮይት 98 ጨዋታ፣ ቶሮንቶ 96 አሸንፈው ውድድሩ አለቀ። ቶሮንቶ የመጨረሻዎቹን ሰባት ጨዋታዎች በተከታታይ ተሸንፎ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስቱም እዚያው ዲትሮይት ሜዳ ላይ ነበሩ፤ ከሦስቱ የመጀመሪያውን ያሸነፈው አሌክሳንደር ነው። ከተማዪቱ አበደች ቢባል ማጋነን አይደለም። ከዚያ በኋላ ግን በቀጣዩ የፍጻሜ ደረጃ ሚኒሶታ 4 ለ1 አሰናበታቸው፤ አሌክሳንደር የተሰለፈባቸው ሁለቱም ጨዋታዎች ሽንፈት ሆኑ። በ1989 ሰውየው 6 አሸንፎ 18 ተሸነፈና ጡረታ ወጣ።

ልጁስ? ስሞልትዝ እስከ 2009 ወረወረ። 213 ጨዋታ አሸነፈ፤ በ1995 ከአትላንታ ጋር የዓመቱን ዋና ዋንጫ በላ፤ በ1996 ደግሞ 24 አሸንፎ የሊጉ ምርጥ ወርዋሪ ተባለ። ክንዱ ተቀዶ የ2000ን ውድድር ሙሉ ካረፈ በኋላ እንኳ ሌላ ሙያ ተማረ፤ በጨዋታ መጨረሻ ገብቶ የቡድኑን ብልጫ የሚያስጠብቅ ወርዋሪ ሆነና 154 ጨዋታዎችን እንዲህ አስጠበቀ። በ2015 ስሙ በቤዝቦል የዝነኞች አዳራሽ ተጻፈ።

አሁን ወደ ክርክሩ። የአንደኛው ወገን ቃል ባጭሩ ይኸው ነው፤ «ሃያ ዓመት ሊያገለግለን የሚችለውን ያገራችንን ልጅ ለሁለት ወር ሰጠነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይኼ ነው!» ሌላው ወገን ደግሞ ይመልሳል፤ «ኧረ ተው ወንድሜ! ያለፍነው እኮ በሁለት ጨዋታ ልዩነት ነው። ሰውየው ዘጠኝ አሸንፏል። ሒሳቡን ራስህ ሥራው። ዋንጫ የሚበላው ዛሬ ነው ወይስ የዛሬ አምስት ዓመት?»

በእኔ አስተያየት በሒሳቡ ሁለተኛው ወገን ትክክል ነው። ውሳኔ የሚመዘነው በተወሰነበት ቀን በሚታወቀው ነው። የመጀመሪያው ወገን ጩኸት አብዛኛው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ በ1987 መስከረም አሌክሳንደር ሲያሸንፍ ስለ ስሞልትዝ ያለቀሰ ካለ ዘመዱ መሆን አለበት። ይሁን እንጂ ሁለቱም ወገኖች ሳያስተውሉት የሚጋሩት አንድ ስሕተት አለ ባይ ነኝ። ሁለቱም የ1996ቱ ስሞልትዝ በ1987 ዲትሮይት ኪስ ውስጥ ተቀምጦ የነበረ ይመስላቸዋል፤ እህል በጎተራ እንደሚቀመጥ። አንዱ «አወጣነው» ብሎ ይቆጫል፣ ሌላው «ቢወጣም ያዋጣል» ይላል። ሰው ግን እህል አይደለም። ያ ዝነኛ ወርዋሪ በ1987 ገና አልነበረም፤ የተሠራው በኋላ ነው፤ የተሠራውም አትላንታ ነው።

እንዴት እንደተሠራ መመልከት ይጠቅማል። ልውውጡ ሲደረግ የአትላንታ ክለብ ሥራ አስኪያጅ ቦቢ ኮክስ ይባላል። ይህ ሰው በ1990 ከቢሮው ወርዶ ራሱ የቡድኑ አሠልጣኝ ሆነ፤ ሊዮ ማዞኒ የሚባለውንም የወርዋሪዎች አሠልጣኝ አድርጎ አመጣ። የማዞኒ ዘዴ ቀላል ነው። ወርዋሪዎቹ በጨዋታና በጨዋታ መካከል ክንዳቸውን ከማሳረፍ ይልቅ ሁለት ጊዜ ቀለል አድርገው እንዲወረውሩ ያደርጋል፤ ማለትም ኃይል ሳይሆን ልምምድ።

ቀጥሎ 1991 መጣ። ስሞልትዝ በዓመቱ እኩሌታ ላይ 2 አሸንፎ 11 ተሸንፎ ነበር። ልብ በሉ፤ ይህ ከግሌንስ ፎልሱ መዝገብ የባሰ ነው። አሁን ደግሞ ልጅ አይደለም፤ በዋናው ሊግ በሕዝብ ፊት ነው፤ ቲፎዞው ያፏጫል፣ ጋዜጣው ይጽፋል። ኮክስ ግን ተራው በደረሰ ቁጥር ኳሷን ለእሱ ከመስጠት አልቦዘነም። ጃክ ሉዌለን የሚባል የሥነ ልቡና ባለሙያም አብሮት ሠራ። ከሥራዎቹ አንዱ የሚገርም ነው፤ ስሞልትዝ ግሩም አድርጎ የወረወራቸውን ኳሶች ብቻ የያዘች አጭር ፊልም አዘጋጅቶ ደጋግሞ እንዲያያት አደረገ። ስሕተቱን አይደለም ያሳየው። ስሕተቱንማ ማን ያላሳየው ሰው ነበር! በሁለተኛው እኩሌታ 12 አሸነፈ፣ 2 ብቻ ተሸነፈ።

ጥቅምት 27 ቀን 1991 የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ላይ፣ ዋንጫው በዚያች ማታ በሚወሰንበት ሰዓት፣ አትላንታ ያሰለፈው ስሞልትዝን ነው። በሚኒሶታ በኩል የቆመው ጃክ ሞሪስ ነበር፤ እስከ 1990 የዲትሮይት ወርዋሪ የነበረ፣ ስሞልትዝ ልጅ ሆኖ ያደንቀው የነበረ ሰው። ስሞልትዝ ከሰባት ዙር በላይ አንድ ነጥብ ሳያስገባ ወረወረ። ሞሪስ ደግሞ አሥር። ሚኒሶታ በአሥረኛው ዙር 1 ለ0 አሸነፈ። ተሸናፊው ቡድን ግን ምን እንዳገኘ ያውቅ ነበር።

እንግዲህ ልጠይቅ። ያ 2 ለ11 ያለው ወጣት ዲትሮይት ቢሆን ኖሮ ምን ይደርስበት ነበር? በ1989 ታይገርስ 103 ጨዋታ የተሸነፈ ቡድን ነው። በዚያ ውስጥ «ትንሽ እንታገሠው» የሚል ይገኝ ነበርን? ተሰጥዎ ካለ የትም ይወጣል የሚሉ አሉ፤ ከክፍል ጓደኞቼም መካከል እንዲህ ብሎ የሞገተኝ አለ። ይሆናል። እኔ ግን ተሰጥዎ ኖሯቸው ከመንገድ የቀሩትን ማንም ስለማይቆጥራቸው ይህ አነጋገር ሁልጊዜ የሚረታ ይመስለኛል። ወጥተው የታዩትን ብቻ እያዩ «ያለው ይወጣል» ማለት ቀላል ነው።

ለዚህ ነው ጉዳዩ የእኛ ነው ያልሁት። የማስተማር ልምምድ ላይ የወጣ ሠልጣኝ ጠመኔው በእጁ እየተንቀጠቀጠ የሚያስተምራት የመጀመሪያዋ ክፍለ ጊዜ የሱ 4 ለ10 ናት። ገምጋሚው በቅጹ ላይ የሚሞላው ቁጥር እውነት ነው፤ አልተዋሸም። ነገር ግን ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ትላንት ነው። መምህሩ ከቁጥሩ ቀጥሎ «ድምፁ ጥሩ ነው፤ ጥያቄ ሲጠይቅ ልጆቹ ይነቃሉ» ብሎ አንድ መስመር ቢጨምርበት ያች መስመር የሉዌለንን ፊልም ያህል ትሠራለች። እኛ ሠልጣኞችስ ብንሆን? ነገ አምሳ ስድሳ ልጅ የያዘ ክፍል ስንረከብ በመጀመሪያው ወር ፈተና «ይኼ አይረባም» ብለን ከኋላ ወንበር የምናስቀምጠው ስንቱን ይሆን?

ቢሆንም ነገሩን ወደ ሌላው ጫፍ መግፋት አልፈልግም። ወጣት ሁሉ ወርቅ ነው የሚለውም ተረት ነው። አትስጡ ባዮች የሚጠቅሷቸው ምሳሌዎች ሁልጊዜ የሚያስለቅሱት ናቸው። ለምሳሌ ቦስተን በ1990 ነሐሴ መጨረሻ ላሪ አንደርሰን የሚባለውን የ37 ዓመት ወርዋሪ ከሂውስተን ሲወስድ በምትኩ የሰጠው፣ እዚያው ቦስተን የተወለደውን ጄፍ ባግዌልን ነበር። አንደርሰን ለቦስተን 22 ዙር ወርውሮ ሄደ። ባግዌል ለሂውስተን 15 ዓመት ተጫውቶ 449 ጊዜ ኳሷን ከሜዳ አውጥቶ መታ፤ በ2017 እሱም ወደ ዝነኞች አዳራሽ ገባ። ይህን የሰማ ሁሉ ራሱን ይይዛል። ዳሩ ግን ተሰጥተው ድምፃቸው የጠፋው ወጣቶች ስንትና ስንት ናቸው! ስማቸውን የሚያነሣ ስለሌለ በክርክሩ ውስጥ አይቆጠሩም።

ይህንንም ያሳየችን ያችው ዲትሮይት ናት። ነሐሴ 31 ቀን 2017 ታይገርስ ከ2005 ጀምሮ በሜዳው ሲወረውር የነበረውን ጀስቲን ቨርላንደርን ለሂውስተን ሰጠ። አሁን ወንበሩ ተገልብጧል፤ ዲትሮይት ሽማግሌውን ሰጪ፣ ወጣቶቹን ተቀባይ ሆኗል። የመጡት ሦስት ናቸው። ቨርላንደር በቀረው ወር 5 ጊዜ ተሰልፎ አምስቱንም አሸነፈ፤ ሂውስተንም በዚያው ዓመት ዋንጫውን በላ። (ሂውስተን በዚያ ዓመት የባላጋራን ምልክት በካሜራ ሲሰርቅ እንደነበር በ2020 ተረጋግጦበታል፤ ወርዋሪው ግን ምልክት ሰርቆ አይወረውርም።) እንዲያውም አሮጌ የተባለው ቨርላንደር በ2019ና በ2022 የሊጉ ምርጥ ወርዋሪ ተብሎ ሁለት ጊዜ ተሸለመ።

ከሦስቱ ወጣቶች ብዙ የተወራለት ፍራንክሊን ፔሬዝ ነበር፤ የ19 ዓመት ወርዋሪ። የዲትሮይት ደጋፊ «ስሞልትዛችን ተመለሰልን» ለማለት ትንሽ ነበር የቀረው። ልጁ ትከሻውን ታመመ፤ ዳነ ሲባል ደግሞ ታመመ፤ ለዋናው ቡድን አንድም ኳስ ሳይወረውር ቀረ። ጥፋቱ የማንም አይደለም። ሁለተኛው ዳዝ ካሜሮን ጥቂት ተጫውቶ ሄደ። ሦስተኛው ጄክ ሮጀርስ የወርዋሪዎችን ኳስ የሚቀልብ ልጅ ነው። እሱም ክንዱ ተቀድዶ የ2022ን ውድድር ሙሉ ተቀምጧል። በ2023 ግን ተመልሶ ለታይገርስ 21 ጊዜ ኳሷን ከሜዳ አወጣት።