ጨሞ የድሃ መጠጥ ነው ያለው ማነው?

ዛሬ ስለ ጨሞ አስተያየቴን ልጽፍ ነው። አትሳቁ! ብዙ ልጆች ጠዋት ቤታቸው ጨሞ ጠጥተው ይመጡና ክፍል ውስጥ ሲጠየቁ «ሻይ ነው የጠጣሁት» ይላሉ። «ቅጠል ጠጪ» እንዳይባሉ ፈርተው ነው። እኔ ግን ጨሞ የሚያሳፍር ነገር አይደለም ባይ ነኝ።

የቤንች ልጆች አሠራሩን ታውቁታላችሁ፤ ከሌላ ቦታ ለመጡት ልንገራቸው። የቡና ቅጠል ምጣድ ላይ ይታመስና በሙቀጫ ይወቀጣል። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሚጥሚጣ፣ ጤና አዳም፣ በሶብላና ጨው ይገባበታል። ከዚያ በማሰሮ ይፈላል። ሽታው ብቻ አፍንጫ ይከፍታል!

ደግሞ የቡና ቅጠል የምንጠጣው እኛ ብቻ አይደለንም። ከሚዛን ተነስቶ ሐረር ለመድረስ አገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማቋረጥ ነው። እዚያም ቁጢ የሚባል አለ፤ ቅጠሉን ቆልተው ያፈሉና ወተትና ጨው ይጨምሩበታል። ባሕር ተሻግረን ኢንዶኔዥያ ብንሄድ ደግሞ በምዕራብ ሱማትራ «ካዋ ዳውን» ይሉታል። ቅጠሉን በቀርከሃ ሰክተው ከእሳት በላይ ያደርቁታል፣ ያጨሱታል። አፍልተው በኮኮናት ቅርፊት ይጠጡታል፤ እኛ በቅል እንደምንጠጣው ማለት ነው። የሱማትራ ሰው ቤንችን የት ያውቃል? ግን ሁሉም ቅጠሉን መጀመሪያ እሳት ያሳዩታል። ጥሬው ሣር ሣር ስለሚል ይመስለኛል።

በጣም የገረመኝ የሱማትራ ታሪክ ነው። ሆላንዶች ይገዟቸው በነበረ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ1847 ጀምሮ፣ ገበሬው ቡና እያለማ ፍሬውን ለገዢዎቹ እንዲያስረክብ ተገደደ። ፍሬው በመርከብ ወደ አውሮፓ ሄደ፤ ለገበሬው ቅጠሉ ቀረለት ይባላል። እኛን ማንም አላስገደደንም። ቢሆንም የበበቃና የቴፒ ቡና በመኪና እየተጫነ ሲሄድ እናያለን፤ ፍሬው ለገበያ፣ ቅጠሉ ለቤት። «የድሃ መጠጥ» የተባለው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ታዲያ ቅጠሉ ምን አጠፋ?

እ.ኤ.አ. በ2020 የአውሮፓ ኅብረት የቡና ቅጠል ሻይ በአባል አገሮቹ እንዲሸጥ ፈቅዷል። ነገ በሚያምር ካርቶን አሽገው ሲልኩልን ተሰልፈን ልንገዛ ነው?

አንዳንድ ሰዎች «ቅጠሉ ከተለቀመ ቡናው አያፈራም» ይላሉ። እውነት ነው፣ ብዙ ከተሸመጠጠ ዛፉ ይጎዳል። ግን ቡና ሲገረዝ የሚጣለው ቅርንጫፍ ላይ ስንት ቅጠል አለ! እሱን መጠቀም ይቻላል።

ስለዚህ ለርዕሰ መምህራችንና ለክበባችን ተጠሪ የማቀርበው ሐሳብ አለ። በወላጆች በዓል ለእንግዶች ሁልጊዜ ለስላሳ ነው የሚቀርበው። ዘንድሮ ጨሞ ይቅረብ። እናቶቻችን ያፍሉልን፣ ውኃ መቅዳትና ማሰሮ መሸከም የእኛ የተማሪዎች ሥራ ይሁን። ሚጥሚጣው ብቻ ትንሽ ቀነስ ይበል፤ ከሌላ አገር የመጡ መምህራኖቻችን በበዓል ቀን እንዳያለቅሱብን።